የአፕፓርክ ቤት፤ የመኳንንት ቤተሰብ ቅርስ፣ ቃጠሎውና እድሳቱ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




የመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ምንጣፍና ስለ ሥዕል መነጋገሩ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በልዩ ልዩ እጆች የተጠበቀ የቤት ዕቃ ስብስብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ የጥፋቱ መነሻ ለጥገና የተጀመረ የግንባታ ሥራ ሆኖ ሲገኝ፣ ጉዳዩ ከሙያው ውጭ ነው ማለት አይቻልም። በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የአፕፓርክ ቤት ታሪክ ይህ ነው።

አፕፓርክ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ከኮረብታ ራስ ላይ ሆኖ ደቡቡን አገር እስከ ባሕሩ የሚያይ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1690 ዓ.ም. ገደማ ያሠራው ፎርድ ግሬይ የተባለ መኰንን ነበር። በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ትልቅ ቤት መሥራት የማይታሰብ ነበር፤ ምክንያቱም ውሃ የለም። ችግሩን የፈታው የእናቱ አባት ሰር ኤድዋርድ ፎርድ ነው። ይህ ሰው ውሃን ከዝቅተኛ ስፍራ ወደ ላይ የሚገፋ መሣሪያ የሠራ፣ የቴምዝን ወንዝ ውሃም ወደ ሎንዶን ከፍተኛ መንደሮች ያወጣ ሰው ነበር። ስለዚህ አፕፓርክ ገና ከመሠረቱ የፓምፕ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቤቱ ያለው ሀብት ግን የግሬይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1746 ሰር ማቲው ፌዘርስተንሆ የተባለ ወጣት ከሩቅ ዘመዱ እስከ 400,000 ፓውንድ የሚገመት ውርስ አገኘ። በዓመቱ አፕፓርክን በ19,000 ፓውንድ ገዛ። ከሚስቱ ከሳራ ሌትዩሊየር ጋር ሆኖም የዘመኑ ባለጸጎች ልማድ እንደነበረው እ.ኤ.አ. ከ1749 እስከ 1751 አውሮፓን ዞረ። ሮማ ላይ ፖምፔዮ ባቶኒ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ የቤተሰቡን መልክ ሣለላቸው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ቨርኔ የቀኑን አራት ጊዜያት የሚያሳዩ አራት የባሕር ሥዕሎች አቀረበላቸው። ስለ ጠፋው ልጅ የወንጌል ምሳሌ ሉካ ጆርዳኖ የሣላቸው ስድስት ሥዕሎችም ወደ ቤቱ ገቡ። በወርቅ የተለበጡ ወንበሮች፣ ትልልቅ መስተዋቶች፣ የሐር መጋረጃዎች፣ ከሱፍ ብናኝ የተሠራ ቀይ የግድግዳ ወረቀት እየተከታተሉ ተጨመሩ።

ሳራ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው አንድ ዕቃ ግን ከሁሉም የበለጠ ጎብኚውን ያስቆማል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ዓመታት ገደማ የተሠራ የአሻንጉሊት ቤት ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን፣ የሳሎኑ ሥዕሎች በእርግጥም በዘይት ቀለም የተሣሉ፣ የገበታው ዕቃ በእርግጥም ከብር የተሠራ ነው። የጌቶቹ አሻንጉሊቶች ፊታቸው ከሰም፣ የአገልጋዮቹ ግን ከእንጨት ነው። የዚያ ዘመን ማኅበራዊ ሥርዐት ብዙ መጽሐፍ ሳይገለጥ ከዚህ መጫወቻ ላይ ይነበባል።

የሰር ማቲው ልጅ ሰር ሃሪ በወጣትነቱ ፈረስና ድግስ የሚወድ፣ ዘውድ ወራሹን ጭምር በቤቱ ያስተናግድ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ ዓመታት ሃምፍሪ ሬፕተን የተባለውን የመስክና የሕንፃ ነዳፊ አስጠርቶ በስተሰሜን ባለ ዐምድ መግቢያ አሠራ። ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ስለነበረ ምግቡ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ይመጣ ነበር፤ በጌቶች ዓይን አገልጋይ በግቢው ሲመላለስ መታየት የለበትምና። ከዚያ በኋላ የሆነው መኳንንቱን ሁሉ ያስደነገጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1825፣ ዕድሜው ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰር ሃሪ ከወተት ቤቱ ሠራተኞች አንዷን ሜሪ አን ቡሎክን በሕግ አገባ። እሷም ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች።

የአፕፓርክ ስብስብ ሳይበተን የቆየው በዚህች ሴት ምክንያት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሌሎች የመኳንንት ቤቶች በየትውልዱ ፋሽን ሲለዋወጡ፣ አሮጌው ዕቃ ሲሸጥ፣ አዲሱ ሲገባ፣ ሰር ሃሪ እ.ኤ.አ. በ1846 ከሞተ በኋላ ሜሪ አን እስከ 1874፣ ከእሷም ቀጥሎ እኅቷ ፍራንሲስ እስከ 1895 ቤቱን ጌታው ትቶት እንደ ሄደ ጠበቁት። ወንበሩ ከስፍራው አልተነሣም፤ መጋረጃው አልተለወጠም። ሀብቱን ያከማቹት የተማሩና የዞሩ ጌቶች ሲሆኑ፣ ጠብቀው ያቆዩት ግን ከወተት ቤት የወጡ ሁለት እኅትማማቾች ናቸው። በፍራንሲስ ዘመን የቤቱ ሠራተኞች አዛዥ የነበረችው ሳራ ዌልስ የደራሲው የኤች. ጂ. ዌልስ እናት ስትሆን፣ ልጁም በልጅነቱ ከዚያው ቤት ምድር ቤት እየተቀመጠ የላይኞቹንና የታችኞቹን ኑሮ ተመልክቷል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው በቶኖ በንጌይ ልብ ወለድ ውስጥ የሚታየው ታላቅ ቤት ከአፕፓርክ የተቀዳ ነው።

ዕቃ ባለበት መቆየቱ ግን ከእርጅና አያድነውም። ሐር በብርሃን ይበላል፤ ጉዳቱም ተጠራቃሚ ስለሆነ ዛሬ መጋረጃውን በመዝጋት የትናንቱን መመለስ አይቻልም። በአሁኑ ጊዜ ለጨርቃ ጨርቅ ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን እንዲሰጥ የሚመከረው ስለዚህ ነው። እንጨትም በበኩሉ የአየሩ እርጥበት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ በላዩ የተለጠፈው ወርቅና ቀለምም ይፈነቀላል። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ማሞቂያ የሚሠራው ሰው እንዲሞቀው ሳይሆን የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት እንዳይዋዥቅ ነው፤ ጎብኚው ቢበርደው ካፖርቱን ይልበስ ማለት ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት ቤቱ ለአድሚራል ሰር ኸርበርት ሚድ ፌዘርስተንሆ ሲተላለፍ መጋረጃዎቹ በእጅ ሲነኩ የሚበጣጠሱ ሆነው ነበር። የአድሚራሉ ባለቤት ግን በአዲስ አልለወጧቸውም። ሳፖናሪያ የተባለውን፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣ ተክል በግቢያቸው እየተከሉ፣ በእሱ እያጠቡ፣ የተበጠሰውን ክር በክር እየያዙ ለዓመታት ሲያድኑ ኖሩ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛ እናቶች ጥበብ ቀሚስና ኩታ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድም አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለው በዚያው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበትም ይኸው እንዶድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የአፕፓርኳ እመቤትና የወንዝ ዳሯ አጣቢ ሳይተዋወቁ በአንድ ጥበብ ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቤተሰቡ ቤቱን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት በስጦታ አስረከበ። ምድሩ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ባለቤቶቹም በላይኛው ፎቅ መኖራቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1989፣ ማለትም ነሐሴ 24 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ነበር። የቤቱ ጣሪያ በእርሳስ ሉህ የተሸፈነ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ብዙ ገንዘብ ፈሶበት እየታደሰ ነበር። ሥራው ወደ ማለቁ ተቃርቧል፤ የብረት መወጣጫው ቤቱን ዙሪያውን ከቦታል፤ ጎብኚዎችም በምድር ቤቱ ሳሎኖች ውስጥ ይዘዋወራሉ። ከሰዓት በኋላ በጣሪያው ላይ ጭስ ታየ። ሠራተኞች የእርሳስ ሉሆችን በጋዝ ነበልባል ሲበይዱ ከሥሩ ያለው እንጨት እሳት ይዞ ነበር።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የበያጁ ነበልባል ሙቀት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሙቀቱ ሉሁን አልፎ ከሥር ያለውን አሮጌ ሳንቃ፣ ለዘመናት የተጠራቀመውን አቧራና የወፍ ጎጆ ፍርፋሪ ሲያገኝ ወዲያው አይነድም፤ ውስጥ ለውስጥ ይግማል። እንደ ረመጥ ታፍኖ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሠራተኛው መሣሪያውን አጥፍቶ ሲወርድ ከበላዩ ያለው እርሳስ ቀዝቅዟል፤ ከሥሩ ያለው ግን አልቀዘቀዘም። በአሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከግድግዳው ሳንቃ በስተኋላና በወለሉ መካከል ያለው ክፍት ስፍራ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ፣ እሳቱ አየር ካገኘ በጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳለ ነበልባል ይሮጣል። ነፋሱም በዚያ ቀን አላገዘም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሊደነቅ የሚገባው ነው። የቤቱ ሠራተኞች፣ የቤተሰቡ አባላት፣ በጎ ፈቃደኞችና የእሳት አደጋ ሰዎች በሰልፍ ቆመው ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ወደ ሣሩ አወጡት። የባቶኒ ሥዕሎች ወጡ፤ ወንበሮቹ ወጡ፤ የሳራ የአሻንጉሊት ቤት ወጣ፤ እነዚያ ከሞት የተረፉ መጋረጃዎችም ለሁለተኛ ጊዜ ተረፉ። ከምድር ቤቱ ሳሎኖች ዕቃ አብዛኛው ዳነ። የላይኛው ፎቅ ግን ጠፋ። ጣሪያው ወደቀ፤ ቀጥሎም የመጀመሪያው ፎቅ ወለል በሳሎኖቹ ላይ ተናደ። ቤተሰቡ በግል የያዘው ንብረት፣ ልብሱ፣ ደብዳቤውና ፎቶግራፉ ሳይቀር ከዚያው ጋር ነደደ። የሕዝብ ቅርስ ለማዳን ሲሯሯጡ ካመሹት ሰዎች መካከል ማታ መኝታ ያጡት ባለቤቶቹ ነበሩ። ስለ አፕፓርክ በሚጻፈው ሁሉ ይህ ነገር በአጭሩ ይታለፋል፤ ሊታለፍ ግን የሚገባው አይደለም።

በነጋታው የቆመው የጡብ ግድግዳው ብቻ ነበር። ይፍረስ የሚሉ ነበሩ፤ ፍርስራሹ እንዳለ ይቆይ የሚሉም ነበሩ፤ ውጭው ተጠግኖ ውስጡ በዘመናዊ መልክ ይሠራ ያሉም አልታጡም። የኋለኛው ሐሳብ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። የተቃጠለን የዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ኮርኒስ በሃያኛው መቶ ዓመት ሰው እጅ ደግሞ መሥራት ውሸት አይደለምን የሚል ጥያቄ ነውና። ሆኖም የሳሎኖቹ ዕቃ ድኗል፤ ያ ዕቃ ደግሞ ለእነዚያ ግድግዳዎች ተለክቶ የተሠራ ነው። መስተዋቱ ለዚያ መስኮት አንጻር፣ ሥዕሉ ለዚያ ግድግዳ ስፋት የተሰናዳ ስለሆነ ወደ ሙዚየም ቢወሰድ ነጠላ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ኢንሹራንሱም ለመልሶ ግንባታ የሚውል ነበር። ስለዚህ ናሽናል ትረስት ቤቱን ከቃጠሎው በፊት በነበረው ቀን እንደነበረ ለመመለስ ወሰነ። አዲስ ሆኖ እንደ ተሠራበት ዘመን እንዲያብረቀርቅ አልተፈለገም፤ ከነእርጅናው፣ ከነመደብዘዙ እንዲመለስ ተፈለገ።

ሥራው የተጀመረው በአመድ ነው። ከቤቱ በላይ ጊዜያዊ ጣሪያ ከተሠራ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ጥንታዊ ቁፋሮ ስፍራ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ ፍርስራሹ በእጅ እየተለቀመ፣ ከየት እንደ ተገኘ እየተመዘገበ በሺህ በሚቆጠሩ የቆሻሻ መጣያ በርሜሎች ተሰበሰበ። የልስን ጌጥ ስብርባሪ፣ የበር እጀታ፣ ከተቀረጸ እንጨት የተረፈ የአበባ ቅጠል፣ የተጣመመ ነሐስ፣ የብርጭቆ ዘለላ ሁሉ ተለየ። በግንባታ ሥራ ፍርስራሽ ማለት በመኪና ተጭኖ የሚጣል ነገር ነው፤ እዚያ ግን ፍርስራሹ ራሱ የሥራው ሥዕላዊ ንድፍ ሆነ። አንድ ክንድ የማይሞላ የልስን ቁራጭ የቀረውን ኮርኒስ ልክና ጥልቀት ይናገራል።

ከዚያ የእጅ ጥበብ ችግር መጣ። የቀድሞዎቹ ለሳኞች የኮርኒሱን ጌጥ በቅርጽ መጣያ ሳይሆን ልስኑ ሳይደርቅ በእጃቸው እየቀረጹ ያበጁት ነበር። ይህን የሚችል ሰው በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ከፍርስራሹ የተገኘው ልስን እየተመረመረ፣ ኖራው እየተቦካ፣ እንዳይሰነጠቅ የእንስሳ ፀጉር እየተቀላቀለበት ሥራው በሙከራ እንደ አዲስ ተለመደ። በአገራችን ጭቃ ሲቦካ ጭድ የሚገባበት ምክንያት ከዚህ አይለይም። ኖራ በሲሚንቶ ይተካ ያለ ሰው ካለ የጎንደርን ግንቦች ያስታውስ፤ በ1930ዎቹ ዓመታት በጣልያኖች እጅ የተለሰነባቸው ሲሚንቶ በኋለኛው እድሳት ጊዜ እየተፋቀ መነሣት ነበረበት። አሮጌ ግድግዳ እርጥበቱን በኖራው በኩል ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲያፍነው ድንጋዩን ይበላዋል።

ከእንጨት ጠራቢዎቹም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። ከበር ዙሪያ የዳነው አሮጌ ቅርጽ ሳይጣል፣ የጎደለው ብቻ በአዲስ እንጨት እየተጠረበ ተቀጠለ። የግድግዳው ወረቀት የዳነው ዳነ፤ አዲሱም ከእሱ ጋር እንዲስማማ በቀለም እንዲደበዝዝ ተደረገ። አንዳንዱ ይህን ማታለል ይለዋል። ነገር ግን የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደ ሆነ እየተመዘገበ ስለ ተሠራ ማታለል ከሚለው ስም ይልቅ መጣፍ የሚለው ይስማማዋል። የተቀደደ ሸማ በሌላ ቀለም ክር አይጠቀምም።

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደ ገና ለሕዝብ ተከፈተ። የእድሳቱ ወጪ ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። በዚህ ገንዘብ ላይ ሲወቅሱ የነበሩ ሰዎች ከወቀሳቸው ጋር ሊነሣ የሚገባውን አንድ ነገር አላነሡም፤ በዚያ ሥራ የሠለጠኑት ለሳኞችና ጠራቢዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ሌሎች ሕንፃዎች ሄደዋል።

ለመሐንዲሱ የሚቀረው ጥያቄ ቃጠሎው ከመነሣቱ በፊት ስላለው ሰዓት ነው። በአሮጌ ጣሪያ ላይ በነበልባል መሥራት ፈጽሞ ሊቀር የሚችል ነገር ነው፤ ሉሁን ከሕንፃው ርቆ መሬት ላይ በይዶ ማውጣት ወይም በማጠፍ ማያያዝ ይቻላልና። የግድ ከሆነ በጽሑፍ የተሰጠ የዕለት ፈቃድ፣ ማጥፊያ ይዞ አጠገቡ የሚቆም ጠባቂ፣ ሥራው ካቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከሥር እየተመለከተ የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ነው። ሥራ ያለቀ የሚመስለው መሣሪያው ሲጠፋ ነው፤ ሠራተኛውም ምሳው ወይም ቤቱ ይጠራዋል። ለጠባቂው የሚከፈለው የጥቂት ሰዓት ደመወዝ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ራሱን የቻለ ዋጋ ሆኖ ካልተጻፈ በቀር ተቋራጩ ከኪሱ እንደማያወጣው የታወቀ ነው። ይህ የሠራተኛው ጥፋት ብቻ ሳይሆን ሰነዱን ያዘጋጀው መሐንዲስ ጉድለት ነው። በጣሪያው ውስጥ ያለውን ክፍት ስፍራ በእሳት መከላከያ ግድግዳ መከፋፈልም እንዲሁ ከእድሳቱ በፊት የሚታሰብ እንጂ ከቃጠሎ በኋላ የሚታወስ ሥራ ሊሆን አይገባውም። በተጨማሪም የትኛው ዕቃ አስቀድሞ እንዲወጣ፣ በማን እጅና በየትኛው በር እንዲወጣ የሚገልጽ ዝርዝር ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጋር ተስማምቶ መቀመጥ አለበት።

ያ ሁሉ ትምህርት ከተገኘ በኋላም ነገሩ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2015 በሰሪ ክፍለ ሀገር ያለው የክላንደን ቤት ተቃጠለ። ይህ ቤት በ1720ዎቹ ዓመታት በጣልያናዊው ነዳፊ በጃኮሞ ሌኦኒ ንድፍ ለኦንዝሎ ቤተሰብ የተሠራ፣ በናሽናል ትረስት ሥር የነበረ ነው። መነሻው በምድር ቤት ያለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ሲሆን፣ እሳቱ በግድግዳውና በወለሉ ውስጥ ባሉ ክፍት ስፍራዎች ወደ ጣሪያው ወጣ። ከአፕፓርክ በተለየ ሁኔታ ከዕቃው የዳነው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች መልሶ እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ሐሳቡን ለውጦ አብዛኛው ውስጥ ከነቃጠሎ ምልክቱ እንዲቆይ፣ ጣሪያውና መስኮቶቹ እንዲመለሱ መወሰኑን አስታወቀ። ዕቃው በሌለበት ግድግዳውን ለማን እንሠራዋለን የሚለው ክርክር በዚያ ሚዛን ደፍቷል። ከክፍሎቹ ሁሉ ሳይጎዳ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ከኦንዝሎ ቤተሰብ የወጡት ሦስት የእንግሊዝ ምክር ቤት አፈ ጉባኤዎች የሚታሰቡበት እልፍኝ። ኮርኒሱ እንደ ተሰቀለ፣ የእሳት ምድጃው እንደ ቆመ ነው፤ በሩን ሲከፍቱት ግን የሚወጡት ጣሪያ ወደሌለው ጡብ ነበር።